ኮይሉ የሚቀየር ትንሽ ቬፕ እንዴት ይመረመራል?

ጥያቄ፦ «17 ዓመት ሲጋራ አጭሻለሁ። ለመተው ብዬ ባለፈው ዓመት አንዲት ትንሽ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ገዝቼ ነበር። በሳምንቷ ያረረ ጨርቅ የመሰለ ጣዕም ታመጣ ጀመር፣ ኪሴ ውስጥም ፈሳሽ ታንጠባጥባለች። ተናድጄ ወደ ሲጋራዬ ተመለስኩ። አሁን ደግሞ ፈሳሹን ራሴ የምሞላው፣ ኮይሉ (ፈሳሹን የሚያግለው ክፍል) ብቻ እየተቀየረ የሚሠራ ሌላ አሳይተውኛል። ሳጥኑ ላይ 1000 ሚሊአምፔር-ሰዓት፣ እስከ 25 ዋት፣ 2 ሚሊሊትር፣ 0.4 እና 0.8 ኦም ኮይል ይላል። ጥሩ ዕቃ መሆኑን በምን ልወቅ?»

መልስ፦ ሥራዬ በባትሪ የሚሠሩ ትናንሽ ዕቃዎችን መፈተሽና መጠገን ነው። ቬፕም ከዚያው ወገን ነው፤ ባትሪ፣ አንድ ቺፕ፣ የሚግል ሽቦ፣ ጥጥና ጥቂት ጎሚኒ፣ አለቀ። ስለ ዕቃው ደፍሬ እነግርዎታለሁ። ስለ ሳንባ የምለው ጥቂት ነው፣ ሐኪም አይደለሁምና፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ሰው ቬፕ ሲያሳዩት መጀመሪያ የሚያገላብጠው ቀፎውን ነው። ብረት ነው ወይስ ፕላስቲክ፣ መብራቱ ምን ይመስላል፣ እጅ ላይ ይከብዳል ወይ ይላል። እኔ ቀድሜ የምጠይቀው የዚህ ዕቃ ኮይል ዛሬም፣ ከስድስት ወር በኋላም ይገኝ እንደሆነ ነው። ቀፎው አንዴ ይገዛል፣ ኮይሉ ግን እንደ አጠቃቀምዎ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይለወጣል። ኮይሉ የጠፋበት ቬፕ ምላጭ የታጣለት መላጫ ነው። ስለዚህ ሻጩን «ይህ ኮይል ሌላ ሞዴል ላይም ይገባል?» ይበሉት። አንዳንድ አምራቾች አንድ ዓይነት ኮይል በብዙ ሞዴሎቻቸው ላይ ያመላልሳሉ፤ እንዲህ ያለው ቶሎ አይጠፋም። ለዚያ አንድ ሞዴል ብቻ የተሠራ ኮይል ግን ሞዴሉ ሲቆም አብሮ ይቆማል፤ እርስዎ የሚቀርዎት የሚያምር ቀፎ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ሳጥኑ። እዚያ ላይ የተጻፈ ቁጥር እንደ ምስክር ቃል ነው፣ መስቀለኛ ጥያቄ ያስፈልገዋል። «እስከ 25 ዋት» የሚለውን እንውሰድ። ኮይሉ የሚያገኘው ዋት የሚሰላው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ለኦሙ፣ ማለትም ኮይሉ ለኤሌክትሪክ ለሚያሳየው መቋቋም፣ ሲካፈል ነው። እንዲህ ዓይነት ባትሪ ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከዚያ እየወረደ ይሄዳል። ብዙዎቹ ትናንሽ ቬፖች ደግሞ ቮልቴጁን ከባትሪው በላይ ከፍ የሚያደርግ ሰርኪት የላቸውም። እንግዲህ 0.8 ኦሙን ኮይል ከገጠሙ፣ 4.2 በ4.2 ተባዝቶ ለ0.8 ሲካፈል 22 ዋት ይመጣል፤ ያውም ባትሪው ገና ከቻርጀር ሲነቀል። ወደ 3.5 ቮልት ሲወርድ 15 ዋት ላይ ነዎት። ማለትም በዚህ ኮይል 25 ዋት መቼም አያዩም። 25 የተጻፈው ለ0.4ቱ ነው። 0.4 ኦም 25 ዋት እንዲያገኝ 3.16 ቮልት ይበቃዋል፣ ከባትሪው የሚስበው ግን ወደ 8 አምፔር ይጠጋል። ይህ ሙሉ 1000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ ከ8 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ የሚያራግፍ ፍጥነት ነው። ሳብ ባደረጉ ቁጥር ቮልቴጁ ያሽቆለቁላል፣ ባትሪው ግማሽ ሲደርስ ጭሱ ይሳሳል። ይህን ሁሉ የምለው ዕቃው ውሸታም ነው ለማለት አይደለም፤ ሳጥኑ ላይ ያሉት ትልልቅ ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ እውነት አይሆኑም ለማለት ነው።

በአንድ ቻርጅ ስንት ጊዜ መሳብ ይቻላል? ይህም በእጅ ይሰላል። 1000 ሚሊአምፔር-ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 3.7 ዋት-ሰዓት ነው፤ በጁል 13,320። በ15 ዋት ለ3 ሰከንድ ሳብ ማድረግ 45 ጁል ይበላል። በወረቀት ላይ 296 ጊዜ ይሆናል። ቺፑ የሚያባክነውና ባትሪው ሙሉ በሙሉ ባዶ ሳይሆን የሚያቆመው ሲቀነስ፣ እኔ የምጠብቀው ከዚያ አራት አምስተኛውን ነው፤ 230 አካባቢ። በቀን አንድ ፓኬት ለሚያጨስ ሰው፣ አንድን ሲጋራ ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይስባል ብንል፣ ማታ ቻርጅ አድርጎ ቀኑን ለመዋል በግድ ይበቃል። በ25 ዋት ግን አይበቃም።

ዋናው ኮይሉ ነው ብያለሁና አንዱን እንክፈተው። የጣት ጥፍር የምታክል የብረት ቱቦ ናት። ውስጧ ወንፊት የመሰለ ስስ ብረት ተጠቅልሎ ቆሟል፣ ዙሪያውን ጥጥ አቅፎታል፣ በጎኗ ፈሳሽ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ወገቧ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጎሚኒ ታጥቃለች። ወንፊት ያለው፣ ተራ ሽቦ ከተጠመጠመበት ይሻላል፤ ሙቀቱ ሰፊ ቦታ ላይ እኩል ስለሚሰራጭ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ አያርም።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ «ጥጡ ደርቆብኝ» ብሎ ያመጣውን ኮይል በፒንሳ ሰንጥቄ በማጉያ መስታወት አየሁት። ጥጡ አልደረቀም፣ ሲጫኑት ፈሳሽ ያወጣል። ወንፊቱን በሚነካበት በኩል ብቻ የሻይ ቀለም ይዟል። ወንፊቱ ላይ ግን ጥቁር ቅርፊት ተጋግሯል፣ በመርፌ ስጭረው ድስት ቂጥ ላይ እንዳረረ ስኳር እየተሰነጠቀ ይነሳል። ይህ የማጣፈጫ ሥራ ነው። ብዙ ጣፋጭ ፈሳሾች ውስጥ ሱክራሎዝ የሚባል ማጣፈጫ ይገባል፤ ፈሳሹ ሲተን እሱ ወደ ኋላ ቀርቶ ብረቱ ላይ ይከስላል። እውነተኛው የድርቀት ማረር ሌላ መልክ አለው። ጥጡ መሐሉ ላይ ይጠቁራል፣ ብረቱ ግን በአመዛኙ ንጹሕ ነው። ይህ የሚመጣው አዲስ ኮይል ሳይርስ ሲተኮስ፣ ያለ ፋታ በተከታታይ ሲሳብ፣ ፈሳሹ ወፍራም ሆኖ በቀዳዳዎቹ አልገባ ሲል፣ ወይም ዋቱ ከኮይሉ ልክ ሲያልፍ ነው። ያን ጊዜ የፈሳሹ አንዱ መሠረት የሆነው ግሊሰሪን ከመትነን አልፎ ይሰባበርና አክሮሊንና ፎርማልዴሃይድ የሚባሉ መርዛማ ነገሮች ይወጡታል። ጉሮሮን የሚቧጥጠው ጣዕም ማስጠንቀቂያ ነው፤ «አሁን ይስተካከላል» እያሉ የሚስቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያረረ ጥጥ አይስተካከልም። ኮይሉን መጣል ነው።

የእርስዎ ቬፕ ያረረችው በሳምንቷ ነው ብለዋል። ከመጀመሪያው ቀን ቢሆን ኖሮ አልረሰችም እል ነበር። ከሳምንት በኋላ ከሆነ ግን የምጠረጥረው ጣፋጭ ፈሳሽን፣ ወይም ደግሞ ዕድሜዋን በልታ መለወጥ የነበረባት ኮይልን ነው። ሁለቱም የዕቃው ጥፋት አይደሉም።

አዲስ ኮይል ሲገጥሙ በየጎኑ ቀዳዳ አንዳንድ ጠብታ፣ ከላይም በመሐሉ አንድ ሁለት ጠብታ ያድርጉለት። ፖዱን (ኮይሉ የሚገባበትን የፈሳሽ መያዣ) ሞልተው 10 ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ ኮይሉ ላይ ከተጻፈው የዋት ክልል በዝቅተኛው ይጀምሩ። ትዕግሥት የሌለው ሰው በየወሩ ሁለት ኮይል በከንቱ ያቃጥላል።

መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ካለዎት አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ። ሁለቱን የመለኪያ ጫፎች አነካክተው የሚያሳየውን ይመዝግቡ፣ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ይሆናል፤ ያ የሽቦው የራሱ ነው። ከዚያ ፓኬቱ ውስጥ ያሉትን ኮይሎች አንድ በአንድ ለክተው ያንን ይቀንሱ። 0.8 የተባለው 0.77 ወይም 0.83 ቢሆን አያስጨንቅም። አንዱ 0.7፣ ጎረቤቱ 0.9 ከሆነ ግን ፋብሪካው የሚሠራውን አያይም፣ ወይም ኮይሉ የተኮረጀ ነው። ኮይልም ይኮረጃል።

ስለ ማንጠባጠቡ። ፖድ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በጥጡ በኩል ወርዶ የማይፈሰው ለምንድን ነው? ጣትዎን አፉ ላይ ደፍነው ከብርጭቆ ያነሱትን ስትሮ ያስቡ፤ ውኃው ውስጡ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፖዱም እንዲሁ ነው። ከፈሳሹ በላይ ያለው አየር ትንሽ ሳሳ ስለሚል ፈሳሹን ወደ ላይ ይይዘዋል። ይህ የሚሠራው ከላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ እስከሌለ ድረስ ነው። የመሙያው ክዳን በደንብ ካልተወተፈ ወይም የኮይሉ ጎሚኒ ሲገባ ከተጠቀለለ፣ ያ ጣት ከስትሮው ላይ ተነሳ ማለት ነው። ፖዱ ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ወይም ከፍታ ሲወጡ ደግሞ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጥና ፈሳሹን በኮይሉ በኩል ይገፋዋል። ግማሽ የሆነ ፖድ ከሙሉው ይልቅ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው፣ የሚለጠጥ አየር በዝቶበታል። አውሮፕላን ላይ ሲሆን ይብሳል። እግረ መንገዴን፣ ቬፕ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከልክሎታል፣ ከእርስዎ ጋር ካቢን ውስጥ ይያዛል።

ስለዚህ ዕቃውን ሲመረምሩ ኮይሉን አውጥተው መልሰው ያስገቡት። ሲገባ ጠበቅ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ቁጭ ሲል ሊሰማዎት ይገባል። ሁለት ጎሚኒ ያለው ከአንዱ ይሻላል። የመሙያውን ክዳን በጥፍር ከፍተው ይዝጉት፤ ገና በአዲስነቱ የሚንቀዋለል ከሆነ ወር አይቆይም። የፖዱ ፕላስቲክ የፈሳሹን መጠን የሚያሳይ ይሁን። በጣም የጠቆረ ፖድ ያምራል፣ ግን ፈሳሹ ማለቁን የሚነግርዎት ያረረው ጥጥ ይሆናል።

እኔ ቤት ውስጥ የምሠራው ፈተና ይህ ነው፤ 0.01 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ይበቃል። ፖዱን እሞላለሁ፣ 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ፣ ጠርጌ እመዝናለሁ። ግሊሰሪኑና ሌላው ቀጭኑ መሠረት፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ እኩል የሆኑበት ፈሳሽ በሚሊሊትር 1.15 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስለዚህ 2 ሚሊሊትሩ 2.3 ግራም ነው። ከዚያ በጎኑ አስተኝቼ ሶፍት ላይ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከ0.03 ግራም በላይ ከጎደለ ወይም ሶፍቱ ላይ ክብ እርጥበት ካየሁ ጎሚኒውን እጠረጥራለሁ። ከፖዱ ሥር የሚገኝ እንደ ጤዛ ያለ ጠብታ ግን መፍሰስ አይደለም፣ ቀዝቅዞ የተመለሰ እንፋሎት ነው። በየሁለት ቀኑ መጥረግ ነው፤ ካልተጠረገ ግንኙነቱን ያቆሽሻል። ሳብ ሲያደርጉት ብቻ የሚሠራ ቬፕ ከሆነ ደግሞ እርጥበቱ መሳብዎን የሚያውቀው ሴንሰር ጋ ሊደርስ ይችላል። እንዲህ የረጠበ ዕቃ ማንም ሳይነካው በራሱ ሲግል ጠረጴዛዬ ላይ አይቻለሁ። ለዚህ ነው የማብሪያ ቁልፍ ያለውን፣ ወይም ቢያንስ ጨርሶ የሚጠፋውን የምመርጠው።

በዚያው ሚዛን ቺፑንም እፈትነዋለሁ። ባትሪው ሙሉ ሳለ ለ3 ሰከንድ 20 ጊዜ እየሳብኩ ፖዱን ቀድሞና በኋላ እመዝናለሁ። 0.25 ግራም ቢቀንስ፣ አንዱ ሳብ 12.5 ሚሊግራም ነው፤ በአንድ ፖድ 180 ጊዜ ገደማ መሳብ ይቻላል ማለት ነው። ባትሪው ሲሶ ሲቀረው ይኸንኑ እደግማለሁ። ያው 0.25 አካባቢ ከሆነ ቺፑ ኃይሉን አስተካክሎ ይዟል። ወደ 0.15 ከወረደ፣ ባትሪው የሰጠውን ብቻ እያስተላለፈ ነው፤ ስክሪኑ ላይ «15 ዋት» የሚለው ጌጥ ነው።

ቻርጅ ላይ ብዙ አልቆይም። ታይፕ ሲ መሆኑን ብቻ አይተው አይለፉ፤ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ቻርጅ ይያዝ እንደሆነ እዚያው ይሞክሩት። ርካሽ ቦርዶች ላይ ሁለት 5.1 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ይዘለላሉ፤ ያኔ ቻርጀሩ ዕቃው መሰካቱን አያውቅምና ኃይል አይለቅም። ኬብሉ የተበላሸ መስሏቸው ሦስት ኬብል የገዙ ሰዎች አውቃለሁ። አንድ ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ በሆነው አሮጌ ኬብል መሥራቱ አይቀርም፣ ግን ሁለት ሬዚስተር የቆጠበ ሰው ሌላ ምን ቆጥቦ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። ቻርጅ ላይ ሳለ ሞቅ ቢል ደህና ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ወይም ቀፎው ካበጠ ወዲያው ያቁሙ። ተኝተው ሳለ ትራስ አጠገብ ቻርጅ አያድርጉት።

ፈሳሽና ኮይል እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ናቸው። 0.8 ኦሙ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ግሊሰሪኑ ግማሽ የሆነ ቀጭን ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ግሊሰሪኑ 70 በመቶ የሆነውን ቢሞሉት በቶሎ አይጠጣውም፣ ያርራል። 0.4ቱ በተቃራኒው ነው፤ ቀጭኑን ፈሳሽ ያስጎርፋል፣ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተክና ትኩስ ጠብታ ወደ አፍ ይተፋል። ኪስዎ ውስጥ የማንጠባጠቡ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። ሲጋራ የለመደ ሰው መጀመሪያ አፉን ይሞላና ከዚያ ወደ ሳንባው ይስባል። ለዚያ አሳሳብ የተሠራው 0.8ቱ ነው፣ የአየር ማስገቢያውም ጠበብ ማለት አለበት። 0.4ቱ በቀጥታ ወደ ሳንባ ለሚስቡ ነው፤ ጭሱ ብዙ ስለሆነ ኒኮቲኑ ዝቅ ያለ ፈሳሽ፣ በሚሊሊትር 3 ወይም 6 ሚሊግራም፣ ይበቃዋል። 20 ሚሊግራሙን ከ0.4 ጋር አያገናኙት፣ ራስዎን ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በሚሊሊትር ከ20 ሚሊግራም በላይ ኒኮቲን፣ ከ2 ሚሊሊትር በላይ የሚይዝ ፖድም አይፈቅድም፤ ሳጥንዎ ላይ ያለው 2 ሚሊሊትር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ያለው ፈሳሽ የሞላበት 2 ሚሊሊትር ፖድ 40 ሚሊግራም ኒኮቲን ይዟል። ሕፃን ልጅ ቢጠጣው ለሕይወቱ ያሰጋል። ጠርሙሱን ልጅ በማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፣ እጅዎ ላይ ከፈሰሰም ቶሎ ይታጠቡ።

ኮይሉ ለዘይት አልተሠራም። የሽቶ ዘይትም ሆነ ምንጩ ያልታወቀ ካርትሪጅ አይሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳንባቸው ተጎድቶ ሆስፒታል የገቡት፣ እስከ የካቲት 2020 ድረስም 68ቱ የሞቱት፣ በዋናነት ከካናቢስ የሚገኘውን ቲኤችሲ በያዙና ቫይታሚን ኢ አሲቴት በተቀላቀለባቸው ፈሳሾች ነው።

ስለ ጤናው ቃል የገባሁት ይህ ነው። ቬፕ ንጹሕ አየር አይደለም፣ ኒኮቲኑም ያው ሱሰኛ ያደርጋል። አጭሶ ለማያውቅ ሰውም ሆነ ለወጣት አንድም ጥቅም የለውም። ለአጫሽ ግን ሚዛኑ ይለያል፤ ትንባሆ አይቃጠልምና የሲጋራው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሞላ ጎደል አይኖሩም። እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ 886 አጫሾች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። የተሰጣቸውም እንደ እርስዎ ዓይነት የሚሞላ ቬፕ ነው። ከዓመት በኋላ ከቬፕ ተጠቃሚዎቹ 18 በመቶ፣ ፕላስተርና ማስቲካ የመሰሉ የኒኮቲን መተኪያዎች ከወሰዱት ደግሞ 9.9 በመቶ ሲጋራ ትተው ተገኙ። ሌላውንም ልንገርዎ፤ በቬፕ ሲጋራ ከተዉት ውስጥ 80 በመቶው በዓመቱም ቬፑን ይዘው ነበር። ሁለቱንም ጎን ለጎን ማጨስ ብዙ አያተርፍም። የልብ ሕመም ወይም እርግዝና ካለ ከመግዛት በፊት ሐኪም ያናግሩ። የሚኖሩበት አገር ሕግ መፍቀዱንም ያጣሩ፤ መሸጡን ጨርሰው የከለከሉ አገሮች አሉ።

የጠየቁኝ ዕቃ እንግዲህ። ኮይሉ በቀላሉ የሚገኝ ከሆነ፣ ፖዱ ሶፍት ላይ አድሮ ደረቅ ከተገኘ፣ በሁለቱም ኬብል ቻርጅ ከያዘ፣ 0.8ቱን ኮይል በ13 ወይም በ14 ዋት፣ ማጣፈጫ በሌለው ቀጭን ፈሳሽ እንዲጠቀሙበት እመክራለሁ። 0.4ቱን ሳጥኑ ውስጥ ይተዉት። ከእነዚህ ሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን አይግዙት።

ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ የድሮዋን ቬፕ ከጣሏት ቦታ ፈልገው ያውጧት። ፖዷን ነቅለው ቂጧን ይዩ። መሐሉ ላይ ኦም የተጻፈባት፣ በጥፍር ሲስቧት የምትወጣ ክብ ብረት ካለች፣ የእሷም ኮይል የሚቀየር ነው። ጎሚኒው መጠቅለሉን አይተው፣ አንድ አዲስ ኮይል ገጥመው፣ አርሰው፣ 10 ደቂቃ ጠብቀው ይሞክሯት።